ጅግሮቹ ተጣሉ ወይስ ተጫጩ?

ዝናብ ሲጥል ስለ ጓሮ ጅግራ የሚደርሱን ጥያቄዎች ይበዛሉ። በዚህ ዕትም ስለ ስሪያ፣ ስለ እንቁላልና ስለ ማቀፍ የተጻፉትን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ስድስት ጅግሮች አሉኝ፤ ሁሉም አምና የተፈለፈሉ ናቸው። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ሁለቱ ጀርባቸውን አጉብጠው ቀኑን ሙሉ ሲባረሩ ይውላሉ። ጩኸታቸው ጎረቤት አስመረረ። ይህ ጠብ ነው? አንዱን አርጄ ብገላገልስ? የትኛው ወንድ፣ የትኛው ሴት እንደሆነም ለይቼ አላውቅም። — ከቢሾፍቱ

መልስ፦ እባክዎን አሁን አያርዱ። ያዩት ነገር በአብዛኛው የመጫጫ ወቅት ባሕርይ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ጾታ ይለዩ፤ ያለዚያ የሚያርዱት ያለዎትን ብቸኛ ወንድ ሊሆን ይችላል።

ጾታ የሚለየው በድምፅ ነው። ሴቷ ሁለት ምት ያለው ድምፅ አላት፤ የመጀመሪያው ምት አጭር ነው፣ ሁለተኛው ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱንም ደጋግማ ትጠራበታለች። ይህን ድምፅ ወንድ አያወጣም። የወንዱ «ቺ-ቺ-ቺ» የሚል ባለ አንድ ምት ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሴቷም ስትደነግጥ ባለ አንድ ምቱን ታሰማለች። ስለዚህ አንድ ምት መስማት ወንድነትን አያረጋግጥም፤ ሁለት ምት መስማት ግን ሴትነትን ያረጋግጣል። አንዷን ጅግራ ከመንጋው ለይተው፣ ሌሎቹን እያየች እንዳትደርስባቸው በሽቦ ከልለው ሩብ ሰዓት ያህል ያቆዩአት። ከመንጋ የተነጠለች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ትጣራለች። ዝም ካለች በሌላ ቀን ይድገሙት።

ከዚያ መልክን ይጨምሩበት። በመንቆሩ ግራና ቀኝ እንደ ሎቲ የተንጠለጠለው ሥጋ በወንዱ ላይ ትልቅ፣ ወፍራምና የታጠፈ ነው፤ በሴቷ ላይ ትንሽና ለጥ ያለ ነው። በአናቱ ላይ ያለው ቀንድ መሰል ጉብታም የወንዱ ይገዝፋል። መልክ ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ ያረጀች ሴት ከወጣት ወንድ የተለቀ ሥጋ ሊኖራት ይችላል። የለዩአቸውን ባለ ቀለም የእግር ቀለበት ያድርጉላቸው፤ በቀለበቱና በእግሩ መካከል የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ሲይዟቸው እግራቸውን አይጎትቱ፤ የጅግራ እግር ቶሎ ይጎዳል። ማታ ቆጥ ላይ ሳሉ ሁለቱን ክንፎች ከሰውነት ጋር አጣብቀው በሁለት እጅ ይያዟቸው።

አሁን ወደ ማባረሩ እንምጣ። ወንዱ የተጣጠፉ ክንፎቹን ከጀርባው በላይ ከፍ ያደርጋል፤ ሰውነቱ ከጎን ሲታይ ጉብ ይላል፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጎኑን ለማሳየት በጥፍሩ ጫፍ ይራመዳል። ይህን ለሌላ ወንድም ለሴትም ያሳያል። ሁለት ወንዶች ሲገናኙ አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይከተላል። ግቢውን ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይጠብም፤ ከዚያ ዘወር ብለው አብረው ይለቅማሉ። ይህ መለካካት ነው፤ አይንኩት።

እውነተኛ ጠብ ሌላ መልክ አለው። መንቆር ላባ ይነቅላል፣ ጥፍር ይመታል፣ ራስ ላይ ደም ይታያል። ይበልጥ የሚያስተማምነው ምልክት ግን የተሸናፊው ሁኔታ ነው፤ መኖ ሲቀርብ አይጠጋም፣ ከመንጋው ርቆ አጥር ሥር ይቆማል፣ ማታም ብቻውን ያድራል። ይህን ሁለት ቀን ተከታትለው ካዩ ጣልቃ ይግቡ። መጀመሪያ የመኖውንና የውኃውን ዕቃ ሁለት ሁለት አድርገው ቢያንስ በ3 ሜትር ያራርቁ፤ ሮጦ የሚሸሸግበት ቁጥቋጦ ወይም የቅርንጫፍ ክምር ይኑር። ጠባብ ግቢ ውስጥ ተሸናፊው መሸሻ ስለሚያጣ ነው መለካካቱ ወደ ደም የሚቀየረው። ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልበረደ አንዱን ወንድ ለሌላ አርቢ ይስጡ። ጩኸቱን በተመለከተ፣ ወንዶቹ ከሴት ጋር ሲጣመሩ ማባረሩ ይቀንሳል፤ ጅግራ ግን ፈጽሞ ዝም አይልም።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት ጅግራ ስጠብቅ አንድም ቀን ሲገናኙ አላየሁም፤ ግን ጫጩት ይወጣል። እንዴት ነው የሚታየው? — ከአርባ ምንጭ

መልስ፦ ስሪያው የሚፈጀው ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሣር ወይም ቁጥቋጦ ሥር ይሆናል። አውራ ዶሮ ቀኑን ሙሉ በአደባባይ ስለሚያደርገው ሰው ያንኑ ከጅግራ ይጠብቃል። ጅግራ ይሉኝታ ያለበት ያህል ይሸሸጋል። ስለዚህ ስሪያውን ብቻ ከመጠበቅ ጥንዶቹን መለየት ይሻላል፤ ለአርቢ የሚጠቅመውም እሱ ነው።

ጊዜው ጧት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ ቆጥ እስኪወጡ ነው። ከ10 እስከ 15 ሜትር ርቀው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጡ፤ ልብስዎም የለመዱት ይሁን። ጅግራ አዲስ ቀለም ያለው ነገር ሲያይ መንጋው በሙሉ ይጮሃል፤ ያኔ የሚያዩት ፍርሃትን እንጂ ተፈጥሯዊ ባሕርያቸውን አይደለም። የተቀመጡ ዕለት ገና ተረጋግተው መልቀም እስኪጀምሩ የሚሆነውን አይመዝግቡ።

ከዚያ በየ5 ደቂቃው ሰዓት እያዩ አንድ ነገር ብቻ ይጻፉ፦ በዚያች ቅጽበት ለእያንዳንዷ ሴት በጣም ቅርብ የሆነው ወንድ የትኛው ነው? «ቀይ ቀለበት ከሰማያዊ፣ ቢጫ ከማንም» እያሉ። በግማሽ ሰዓት ለእያንዳንዷ ሴት ስድስት መዝገብ ያገኛሉ። ይህን አሥር ቀን ሲደምሩት ጥንዶቹ በግልጽ ይወጣሉ፤ የተጣመረች ሴት በአብዛኛው መዝገብ ላይ ከአንድ ወንድ ጋር ትሆናለች። ዓይን የገባውን ብቻ መጻፍ ያሳስታል፤ ማባረርና ጩኸት ጎልቶ ስለሚታይ፣ ጸጥ ብለው አብረው የሚለቅሙት ጥንዶች ከመዝገቡ ይቀራሉ።

በየመሀሉ ሦስት ነገሮች ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው ማጉረስ ነው። ወንዱ ምስጥ ወይም ፌንጣ ያገኛል፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠራል፤ ያገኘውን አንስቶ ከሴቷ ፊት ይጥለዋል፤ እሱ አይበላውም። ሴቷ መጥታ ከለቀመችው ጥምረቱ እየጠና ነው። ቸል ብላው ከሄደች ወንዱ ገና ደጅ እየጠና ነው። ሁለተኛው ጥበቃ ነው፤ እሷ አንገቷን ደፍታ ስትለቅም እሱ ቀጥ ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል፤ ሌላ ወንድ ሲጠጋ ጀርባውን አጉብጦ መሀል ይገባል። እንቁላል የምትጥል ሴት ብዙ መብላት ስላለባት ይህ ጥበቃ ይጠቅማታል። ሦስተኛው ራሱ ስሪያው ነው፤ ሴቷ ጉልበቷን አጥፋ መሬት ላይ ዝቅ ትላለች፤ ወንዱ ይወጣባታል፤ ወዲያው ይወርዳል፤ እሷ ተነስታ ላባዋን ታራግፋለች። ዓይንዎን ለአፍታ ካነሱ የሚያዩት ማራገፉን ብቻ ነው። አፈር ላይ ተንከባሎ ማራገፍም ስላለ፣ ከጎኗ ወንድ መኖሩንና ከዚያ በፊት ዝቅ ማለቷን ካላዩ «ስሪያ» ብለው አይጻፉ። አፈር የሚንከባለሉበትን ቦታ እያሳየ የሚቀርጽ ስልክ አጥር ላይ አስረው መተውም ጥሩ ዘዴ ነው።

እርስዎ ካሉበት አካባቢ ከነጭ ሳር ፓርክ አቅራቢያ የዱር ጅግራ መንጋ ማየት ይቻላል። ያንኑ መዝገብ እዚያ ቢሞክሩ አንድ ነገር ያስተውላሉ፤ በበጋ በአንድነት የሚሰማራው መንጋ ዝናብ ሲገባ ሁለት ሁለት እየሆነ ይበታተናል። የጓሮው ጅግራም ይህንኑ ማድረግ ይፈልጋል፤ አጥሩ ነው የሚከለክለው።

ጥያቄ፦ ሦስት ሴትና አንድ ወንድ አሉን። ከሚያዝያ ጀምሮ በደንብ ይጥላሉ፤ መፈልፈያ ማሽን ካስገባናቸው 24 እንቁላሎች ግን የወጡት 5 ብቻ ናቸው። በክረምት ደግሞ ጨርሶ አይጥሉም፤ አገር ቤት እንዲህ አይተን አናውቅም። ወንዱ ደካማ ነው? — ከጆርጂያ፣ አሜሪካ

መልስ፦ ሦስት ሴት ለአንድ ወንድ በቁጥር አይበዛም፤ በአንድ ግቢ የሚጠበቅ አንድ ወንድ ለአራትና ለአምስት ሴት ሊበቃ ይችላል ይባላል። በተግባር ግን ጅግራ በተፈጥሮው ከአንዲት ጋር የሚጣመር ወፍ ነው። አንዳንዱ ወንድ ሁሉንም ያዳርሳል፤ አንዳንዱ አንዲቱን ብቻ ይዞ ሌሎቹን አያይም። የእናንተ ውጤት፣ ከአምስት አንድ ያህል መውጣቱ፣ ሁለተኛውን ያስጠረጥራል። ማሽኑም ጥፋተኛ ሊሆን ስለሚችል ወንዱን ከመቀየራችሁ በፊት ሁለቱን ለዩ።

መለያው ቀላል ነው። ከእያንዳንዷ ሴት ሁለት ሦስት ትኩስ እንቁላል ሰብራችሁ በነጭ ሳህን ላይ አስኳሉን እዩ። በአስኳሉ ላይ ነጭ ነጥብ አለች። ዘር ያልያዘ ከሆነ ነጥቧ ትንሽ፣ ድፍንና ጠርዟ የተዘበራረቀ ነው። ዘር የያዘ ከሆነ ሰፋ ትላለች፤ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክብ ቀለበት ሆና መሀሏ ጠራ ይላል። አስኳሉ ነጥቧን ወደ ታች ደብቆ ከወደቀ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብላችሁ አገላብጡት።

የማን እንቁላል እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? የአንዲት ጅግራ እንቁላሎች በቀለም፣ በነጠብጣብ ብዛትና በጫፍ ሹልነት ይመሳሰላሉ። አንድ ሳምንት ጎን ለጎን ስትደረድሯቸው ሦስት ዓይነት ሆነው ይለያሉ። በእርሳስ ቀንና ምልክት ጻፉባቸው። የአንዷ ሁሉ ዘር ይዞ የሁለቱ ባዶ ከሆነ ወንዱ ጤነኛ ነው፣ ተጣምሯል ማለት ነው። የሦስቱም ባዶ ከሆነ ወንዱ አርጅቷል፣ ታሟል ወይም ከመጠን በላይ ወፍሯል። የሦስቱም ዘር ከያዘ ወደ ማሽኑ ሂዱ።

ተጣምሮ ከሆነ ሁለተኛ ወንድ አምጡ። በአንድ ጊዜ መሀል አትልቀቁት፤ ሁለት ሳምንት ያህል እየተያዩ እንዲቆዩ በሽቦ ከልሉ፤ ከዚያ ማታ ቆጥ ላይ አብሯቸው አስገቡት። አዲሱ ወንድ ከገባ በኋላ ለማሽን እንቁላል መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ጠብቁ። ሴቷ ከአንድ ስሪያ ያገኘችውን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ለተወሰኑ ቀናት ታቆያለች፤ የአዲሱ ወንድ ዘር በሁሉም እንቁላል ላይ እስኪደርስም እንዲሁ ቀናት ይፈጃል።

ማሽኑ ከሆነ እነዚህን ተመልከቱ፦ ማራገቢያ ላለው ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በእናንተ መለኪያ 99.5 ፋራናይት ነው። እርጥበቱ ከ55 እስከ 60 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከ65 በላይ ይሁን። የሚፈጀው ከ26 እስከ 28 ቀን ነው፤ በዶሮ 21 ቀን ቆጥረው ማሽኑን የሚያጠፉ ሰዎች አሉ፤ ያሳዝናል። እንቁላሉን በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ አገላብጡ፣ 25ኛው ቀን ላይ አቁሙ። ከመግባቱ በፊት ሹሉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከ7 ቀን በላይ አታቆዩት። የጅግራ ቅርፊት ወፍራምና ቡናማ ስለሆነ በ7ኛው ቀን በባትሪ ታይቶ «ባዶ ነው» ተብሎ የሚጣል ብዙ ጤነኛ እንቁላል አለ። ጨለማ ክፍል ውስጥ በኃይለኛ ባትሪ በ10ኛው ቀን እዩት፤ ያጠራጠራችሁን እስከ 14ኛው ቀን ተዉት። ጥርት ያለው ወይ ዘር አልያዘም ወይ በጣም በጅምሩ ሞቷል፤ የደም ቀለበት የሚታይበት ግን ዘር ይዞ የሞተ ነው፤ ያን ጊዜ ወንዱን አትክሰሱት።

ስለ ክረምቱ፣ እናንተ ክረምት የምትሉት የብርዱን ወቅት ነው፤ የማይጥሉበት ምክንያት ደግሞ ብርሃን ነው። አገር ቤት የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ጅግራ የሚከተለው ዝናብንና ዝናብ የሚያመጣውን ነፍሳትና ሣር ነው። ጆርጂያ ውስጥ ግን የሰኔ ቀን ወደ 14 ሰዓት ተኩል ሲረዝም የታኅሣሥ ቀን ወደ 10 ሰዓት ያጥራል። ቀኑ ሲያጥር የወንዱም የሴቷም የመራቢያ አካል ያርፋል። ማረፉ ጉዳት የለውም። ወቅቱ ሲጀምር የሚጣሉት የመጀመሪያ እንቁላሎች ዘር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ብሉአቸው፤ ለማሽን የሚሆኑት ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ያሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ የሐበሻ አውራ ዶሮና ጅግራ አብረው ይውላሉ። አውራው ጅግራዋን ሲሰርር አየሁ። ይወልዳሉ? — ከሐዋሳ

መልስ፦ አልፎ አልፎ ይወጣል። የሚወጣው ድቅል ግን መካን ነው፤ ዘር አይቀጥልም። ለዘር የፈለጓትን ጅግራ በእንቁላል ወቅት ከአውራው ይለዩ። ተቃራኒውም ያሳስባል፤ ወንድ ጅግራ በመጫጫ ወቅት አውራ ዶሮን ከኋላ እየሮጠ ጭራውን ይነጫል፤ አውራ ዶሮ ፊት ለፊት መፋለም እንጂ እንዲህ ያለ ረጅም ማባረር ስለማያውቅበት ይደክማል። የሁለቱን መኖ ለየብቻ ያድርጉ፤ ማታም ለየብቻ ያሳድሯቸው።

ጥያቄ፦ አንዷ ሴት ከሦስት ቀን ጀምሮ ማታ ቆጥ ላይ አትመጣም። ወንዱ ብቻውን ይዞራል። አውሬ በላት? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ታቅፋ ሊሆን ይችላል፤ ፍለጋውን ዛሬ ይጀምሩ። ወንዱ ጅግራ እንቁላል አይታቀፍም፤ እሷ ስትቀመጥ እሱ ወደ መንጋው ይመለሳል፤ ጫጩቶቹ ሲወጡ ግን ይመጣል፤ አብሮም ይጠብቃል፣ ክንፉ ሥርም ያስገባቸዋል።

የታቀፈች ጅግራ በቀን አንድ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ወጥታ በልታና ጠጥታ ትመለሳለች። ውኃው አጠገብ ሆነው ይጠብቋት፤ ስትመለስ በሩቁ በዓይን ይከተሉ። ቀጥ ብለው ወደ ጎጆዋ አይሂዱ፤ ገና ከጀመረች ጥላ ልትሄድ ትችላለች። ጎጆው ረጅም ሣር፣ የሣማ ወይም የአጥር ሥር ጎድጓድ ነው። ብዙ ሴቶች አንድ ቦታ ስለሚጥሉ ሠላሳና ከዚያ በላይ እንቁላል ቢያገኙ አይገረሙ፤ አንዲት ጅግራ ያን ሁሉ አታሞቅም፤ ጫፍ ላይ ያሉት እየበረዱ ይሞታሉ።

ከዚያ መወሰን አለብዎት። ውሻ፣ ሸለምጥማጥ ወይም ጥርኝ ባለበት ሰፈር መሬት ላይ ተቀምጣ 26 ሌሊት ማደር ትልቅ አደጋ ነው። አንደኛው አማራጭ ከተቀመጠች ከአምስት ቀን በኋላ፣ መታቀፉ ሲጠናባት፣ በ2 ሜትር ርቀት ዙሪያዋን በሽቦ አጥሮ መኖና ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው፣ እኛ የምንመርጠው፣ እንቁላሉን ለታቀፈች የሐበሻ ዶሮ መስጠት ነው። አንዲት ዶሮ ከ12 እስከ 15 የጅግራ እንቁላል ትችላለች። የዶሮና የጅግራ እንቁላል በአንድ ቀን አያስታቅፉ፤ የዶሮው በ21 ቀን ሲወጣ እናትየው ጫጩቶቿን ይዛ ትነሳለች፤ ጅግራው በቅርፊቱ ውስጥ ይቀራል።

ወደፊት እንዳትጠፋብዎ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ሴቶቹን በረት ያቆዩ፤ ጅግራ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከጎጆ እንቁላል ሲያነሱ አምስት ስድስት ምልክት ያለባቸውን ይተዉ፤ ባዶ ጎጆ ያገኘች ጅግራ ሌላ፣ ይበልጥ የተደበቀ ቦታ ትመርጣለች።

ጫጩቶቹ ሲወጡ ጠላታቸው የጧት ጤዛ ነው። እናትየው እርጥብ ሣር ውስጥ ስትመራቸው ይርሳሉ፣ ይበርዳቸዋል፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይቀራሉ። አንድ ወር እስኪሞላቸው ደረቅ ቤት ውስጥ ያቆዩአቸው፤ የውኃው ዕቃ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠጠር ይግባበት፤ መኖው ፕሮቲኑ ከ24 እስከ 26 በመቶ ይሁን፤ የተለመደው የዶሮ ጫጩት መኖ ከዚህ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ዘር ለመቀየር ከጫካ የዱር ጅግራ እንቁላል ብሰበስብስ? — ከመተሐራ አካባቢ

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳትን አጠቃቀም በፈቃድ ይገዛል፤ እርስዎ አካባቢ ደግሞ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ዘር መቀየር ግን ትክክለኛ ሐሳብ ነው፤ ወንድምና እህት ደጋግመው ሲዳቀሉ የሚፈለፈለው ቁጥር ይቀንሳል። ከሌላ ወረዳ ካለ አርቢ ጋር ወንድ ተለዋወጡ። ጊዜው ዝናቡ ከመግባቱ ከወር ተኩል በፊት ይሁን፤ አዲሱ ወንድ መንጋውን ለምዶ፣ ጥምረቱ ገና ሳይጸና ቦታ ያገኛል። አንዴ ከተጣመሩ በኋላ የገባ ወንድ ግን ወቅቱን ሙሉ አጥር ሥር ቆሞ ያሳልፋል።